ከፒያሳ ማርሳቢት፣ ቤታችን በተነሣበት ሰሞን

ማርሳቢት ሰሜን ኬንያ ውስጥ በተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይደረስባታል፤ ሆኖም ከማውቃቸው የፒያሳ ሰዎች መካከል እዚያ የረገጠ አላገኘሁም። ናይሮቢ የሄደ ሞልቷል፣ እሱም በአውሮፕላን ከላይዋ አልፎ ነው። እኔ የሄድኩት ለሚስዮናውያን ሥልጠና ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከአምስት ኪሎ ዝቅ ብላ በኪራይ አዳራሽ የምትሰበሰብ ትንሽ ናት። ማርሳቢት ግርጌ፣ በረሃው ዳር ከሚኖሩ አርብቶ አደሮች ጋር ሁለት ዓመት ኖሮ የሚያገለግል ሰው ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። በሥልጠናው መጨረሻ እሑድ ማን የት እንደሚመደብ ስም እየተጠራ ይነገራል፣ ይጸለይለታልም። እኔ እስከዚያ እሑድ አልቆየሁም። ለምን እንዳልቆየሁ ቀኑ ሲደርስ እናገራለሁ።

ስሜ ሰላም ነው። የተወለድኩት ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ባለ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ከእናቴ ጋር ብቻ ነው የኖርኩት። እናቴ ድልድዩ አጠገብ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አላት። እሷ የጊዮርጊስ ምእመን ናት። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ በቤታችን ስለ ሃይማኖት አይነሣም። ጠብ አልነበረም፤ ሳንነጋገር ተስማማን። እሷ ስትጾም የጾሙን እበላለሁ፣ እኔ እሑድ ስወጣ ወዴት ነው ብላ አትጠይቅም። ስለ ማርሳቢት ስነግራትም «ብርድ አለ?» ብቻ ነው ያለችኝ። በረሃ ነው፣ ሙቀት ነው አልኳት። እዚያ ላይ ተሳስቼ ነበር።

ሰኞ

ቃሊቲ መናኸሪያ የደረስኩት ገና ሳይነጋጋ ነው። አብረውኝ የሚሄዱት ጋሽ ማቴዎስ ቀድመውኝ በሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጋሽ ማቴዎስ ጡረታ የወጡ መምህርና የቆዩ ወንጌላዊ ናቸው፤ ወደ ሥልጠናው የተጠሩት ለማስተማር ነው። እናቴ ዳቦ ቆሎና በሶ ቋጥራልኛለች። ከሥር ደግሞ በውኃ ፕላስቲክ የተሞላ ጠበል ከትታለች። ጴንጤ መሆኔን ታውቃለች፣ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ያዝኩት።

እስከ ሻሸመኔ ድረስ መንገዱ አልከበደንም። ከሐዋሳ አልፈን ግን የኋላ ጎማ ፈነዳና ሰው ሁሉ ወርዶ በጥላ ስር ተቀመጠ። የተረፈ ጎማ ነበር፣ ክሪኩ ግን አልሠራም። ሾፌሩ ከሚያልፍ መኪና ክሪክ እስኪለምን እኛ አናናስ የሚሸጡ ሴቶች አጠገብ ተቀምጠን አናናሱን ጨረስንላቸው። በፒያሳ አናናስ በቁራጭ ነው የሚበላው፤ እዚያ ሴትየዋ ሙሉውን ልጣ በእጄ ስትሰጠኝ በየት በኩል እንደምጀምር ቸገረኝ።

ዲላ ስንደርስ ሠርግ ስለነበረ ያየናቸው ሆቴሎች ሁሉ ሞልተዋል። በመጨረሻው ሆቴል የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ጋሽ ማቴዎስን አዳራሹ ውስጥ ወንበር ገጥማ እንደምታስተኛቸው ነገረቻቸው፤ እኔን ግን «አንቺ እዚህ አታድሪም» ብላ ሥራዋ ሲያልቅ ቤቷ ወሰደችኝ። እናቷ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ሃይማኖቴን አልጠየቁኝም። ጠዋት ጋሽ ማቴዎስን አንገታቸው አልዞር ብሎ አገኘኋቸው።

ማክሰኞ

ከሀገረ ማርያም በኋላ አገሩ እየደረቀ፣ አፈሩ እየቀላ ሄደ። ከሰው የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ በየሜዳው ቆሟል። ከያቤሎ በኋላ ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ አማርኛው እያነሰ ኦሮምኛው እየበዛ መጣ፣ እኔም ጆሮዬን አቀናሁ። ኦሮምኛ የተማርኩት ከጎረቤታችን ከእትዬ ጫልቱ ደጅ ነው። የእኛና የእሳቸው በር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ በልጅነቴ እናቴ ሱቅ ስትውል የምበላው እሳቸው ዘንድ ነበር። የቦረና ኦሮምኛ ከእትዬ ጫልቱ የሰላሌ ኦሮምኛ ራቅ ይላል። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሦስት ጊዜ አስደግማኝ «አነጋገርሽ እንደ ሬዲዮ ነው» አለችኝ። ሙገሳ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ሞያሌ ያደርነው ወይዘሮ አበባ የሚባሉ ሴት በያዙት ማረፊያ ነው። ወይዘሮ አበባ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ባላቸው ለንግድ ይዟቸው መጥቶ፣ እሱ ሲሞት እሳቸው ቀሩ። ውኃ ስላልነበረ ለእግሬ ከራሳቸው ጀሪካን ቀድተው ሰጡኝ።

ረቡዕ

ድንበሩን በእግር ነው የተሻገርነው። በኬንያ በኩል ያለው ፈታሽ ሻንጣዬን ከፍቶ ያችን ፕላስቲክ አነሣ። ክዳኑን ፈትቶ አሸተተ። ምንድን ነው አለኝ በእንግሊዝኛ። እኔ ቃሉ ጠፍቶብኝ ጋሽ ማቴዎስን አየኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠበል አያስፈልግም እያሉ ያስተማሩ ሰው፣ ኮስተር ብለው የተቀደሰ ውኃ እንደሆነና እናቴ ለመንገድ የላከችልኝ መሆኑን አስረዱት። ሰውዬው ካቶሊክ ነኝ ብሎ ጣቱን አርጥቦ ግንባሩን ነካና ክዳኑን ገጥሞ መለሰልኝ። ጋሽ ማቴዎስ ከኬላው እስክንርቅ በፍጥነት ተራመዱ። ከዚያ «ይህን ለጉባኤው አትንገሪብኝ» አሉኝ። ፈቅደውልኝ ነው አሁን የጻፍኩት።

እዚያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ማወቅና መሻገር ግን ይለያያሉ። አስፋልቱን እንደ ለመድኩት ወደ ግራ አይቼ ስገባ ከቀኝ የመጣ ሞተር ሳይክል ቀሚሴን ነክቶ አለፈ። ጋሽ ማቴዎስ በቦርሳዬ ማንገቻ ጎትተው መለሱኝ። ከዚያ ወዲያ በሄድንበት ሁሉ መንገድ ስንሻገር እንደ ሕፃን እጄን ይይዙ ነበር።

ከሞያሌ ማርሳቢት ያለው መንገድ ቀጥ ያለ አዲስ አስፋልት ነው። ግራና ቀኙ ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ ግመል። በየኬላው ፖሊስ አውቶቡሱን እያስቆመ መታወቂያ ያያል። ማርሳቢት ስንወጣ ግን አየሩ ተለወጠ፤ ጭጋግ መኪናውን ዋጠው፣ ደን መጣ፣ ሰው ሁሉ ካፖርት ለብሷል። የእንጦጦን የክረምት ጠዋት የሚያውቅ ማርሳቢትን ያውቃታል። እኔ የያዝኩት እጅጌ የሌለው ቀሚስና ስስ ነጠላ ነው። የሥልጠናው ወጥ ቤት ኃላፊ ማማ ሜሪ ከበሩ ላይ ስንቀጠቀጥ አይታ የባሏን ካፖርት አምጥታ ጫነችብኝ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠልጣኞቹ ስሜን ትተው «ካፖርት» አሉኝ።

ሐሙስና ዓርብ

ሥልጠናው የሚሰጠው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ነው። ዝናብ ሲጥል መምህሩ ቆሞ እስኪያባራ ይጠብቃል። ሴቶቹ በአንድ ረጅም ክፍል፣ በተደራራቢ አልጋ ነው የምንተኛው። ቁርስ ወተት የበዛበት ሻይና ማንዳዚ ነው፤ ማንዳዚ የቦምቦሊኖ ወንድም ሲሆን ስኳሩን የረሳ ነው። ምሳ ኡጋሊ ነው። ኡጋሊን ለማያውቅ፣ ቅቤና በርበሬ ያልደረሰው ጠንካራ ገንፎ ብሎ ማሰብ ነው። በመጀመሪያው ቀን አልወረደልኝም፣ በሁለተኛው ቀን ጨምሩልኝ አልኩ። ያልለመድኩት የማኪያቶ አለመኖርን ብቻ ነው።

ሰዓት አቆጣጠራቸው አስገረመኝ። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ እንደ ፈረንጅ ይቆጥራሉ፤ በስዋሂሊ ሲሆን ልክ እንደ እኛ ጠዋት ላይ አንድ ሰዓት ይላሉ። ማማ ሜሪ ምግብ የሚቀርብበትን ሰዓት በስዋሂሊ ስትነግረኝ ያለ ስህተት ደረስኩ፤ የትምህርቱን ሰዓት በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አንብቤ ግን ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ነበር።

ዋናው አሠልጣኝ ፓስተር ጆሴፍ ይባላሉ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው፤ ለብዙ ዓመት በበረሃው ኖረዋል። ያስተማሩን ነገር ብዙ ነው፣ አንዱን ልጥቀስ። ወደ ሰው መንደር ስትገቡ መጀመሪያ ከመናገራችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ ካለ ሥሩ አሉን። ሰው አብራችሁት ያላነሣችሁትን ሸክም እያየ ቃላችሁን አይሰማም።

ዓርብ ምሽት እራት ከበላን በኋላ እትዬ ጫልቱ ደወሉ። የእኛ ተርታም ለልማት እንዲነሣ ተነግሯል አሉኝ። ወሬው ቀደም ብሎ ይናፈስ ነበር፣ ከላይ ያሉት ቤቶች ሲፈርሱም አይተናል፤ የእኛ እንዲህ ይቀርባል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ምትክ ቤት ተሰጥቶናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ፣ ልክ የእኛ ምደባ በሚነገርበት ዕለት፣ ቤቱ ባዶ መሆን አለበት። «እናትሽ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች» አሉ እትዬ ጫልቱ። «እኔ ግን ልጅ አይደለሁም፣ ነገርኩሽ።»

ቅዳሜና እሑድ

እናቴን ስደውልላት ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ምንም የለም አለችኝ፤ ዕቃ ነው፣ ይጫናል፣ ይወርዳል። ትምህርትሽን ጨርሺ አለችኝ። ምን ያህል እንደሸከፈች ስጠይቃት ስለ ኡጋሊ ጠየቀችኝ።

ለጋሽ ማቴዎስ ነገርኳቸው። እሳቸውም ምን እንዳሰብኩ ጠየቁኝ። ጎረቤቶቿ አሉ፣ ጫኝና አውራጅ ይገኛል፣ እኔ ደግሞ ለዚህ ቀን ሁለት ዓመት ጸልዬአለሁ አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። እሑድ ጉባኤ ላይ ስንዘምር ስልኬን በካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይዤ ነበር፣ አልጮኸም።

ሰኞ

ለልምምድ ወደየመንደሩ የምንወርድበት ቀን ነበር። ኦሮምኛ ስለምናገር እኔን ያለ አስተርጓሚ ከተራራው ሥር ወደሰፈረ የገብራ ቤተሰብ ላኩኝ። ገብራዎች ግመል አርቢዎች ናቸው፣ የሚናገሩትም የቦረናን ኦሮምኛ ነው። በፒክአፕ ጀርባ ተጭነን ስንወርድ ጭጋጉ ከላያችን ቀረ፤ ሙቀቱ መጣ፤ የማማ ሜሪን ካፖርት አውልቄ ተቀመጥኩበት። ሜዳው ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት ነው የሚመስለው።

ያስተናገደችኝ ቦኬ ትባላለች። ከእኔ ዐሥር ዓመት ያህል ብትበልጥ ነው። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ሰላም ነው፣ ልጆቹ ሰላም ናቸው፣ ግመሎቹ ሰላም ናቸው፣ የመጣሽበት አገር ሰላም ነው ይባላል። ስሜን ስነግራት ትርጉሙን ጠየቀችኝና በእነሱ ቋንቋ መለሰችልኝ። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ «ነጋያ» ነበር የምባለው። ከ«ካፖርት» ይሻላል።

ቤቷ ከታጠፈ እንጨትና ከተጎነጎነ ሰሌን የተሠራ ነው። ውስጡ እንደ እኛ ቤት ጠባብ ነው፤ እንደ እኛ ቤትም ሁሉም ነገር ቦታ አለው፣ የሌላ ነገር ቦታ የያዘ ነገር የለም። በጭስ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ያለ የግመል ወተት ሰጠችኝ። ሽታው ከበደኝ፣ ጨረስኩት፣ ሲጨመርልኝ ሁለተኛውን ወደድኩት።

ማምሻው ላይ ባሏ ጉዮ ከግመሎቹ ጋር ሲመጣ ያዘጋጀሁትን ታሪክ ነገርኳቸው። የጠፋችው በግ ታሪክ ነው፤ ጋሽ ማቴዎስ በግመል ለውጪው ብለው ስለመከሩኝ ባለቤቱ ዘጠና ዘጠኙን ግመል ትቶ አንዷን ፍለጋ ሄደ ብዬ ተረክሁ። ጉዮ በጥሞና ሰማኝ። ስጨርስ «ዘጠና ዘጠኙን ለማን ትቶ ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ።

በሜዳ ነው የተዋቸው አልኩት።

«ማንም በሜዳ ትቶ አይሄድም» አለኝ። «ወይ ወንድም አለው ወይ ልጅ። ታሪኩ ሳይናገረው ቀርቷል እንጂ አንድ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

በቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ ይህን የጠየቀ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ጉዮም ስለ ራሱ የጠፉ ግመሎች ማውራት ጀመረ።

ማክሰኞ

ጠዋት ስነቃ ቦኬ ሰሌኖቹን ከጣሪያው ላይ እየፈታች ነው። ሣሩ ስላለቀ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወርበት ቀን ነበር፤ ማታ ነግረውኝ ኖሮ በቋንቋው ልዩነት አልገባኝም። የፓስተር ጆሴፍን ትምህርት አስታውሼ ተነሣሁ። እሷ የምትፈታውን እየጠቀለልኩ፣ እንጨቶቹን በልካቸው እየደረደርኩ ሠራሁ። ቤቱ የሴቷ ነው አለችኝ፤ እሷው ትሠራዋለች፣ እሷው ታፈርሰዋለች፣ እሷው ትጭነዋለች። እንጨቶቹ ግመሉ ጎንና ጎን ላይ ታስረው ሲቆሙ ቤቱ እግር ያወጣ ይመስላል። ረጅሞቹን እንጨቶች ብቻዋን ማሰር ስለማትችል ጎረቤቷ በአንደኛው ጎን ትይዝላታለች፤ የዚያን ቀን ጎረቤቷ ቀድማ ስለሄደች የያዝኩላት እኔ ነበርኩ።

እየሠራን ስለ ቤቴ ጠየቀችኝ። የእኛም ቤት በዚህ ሳምንት እንደሚነሣ ነገርኳት። ደስ አላት፤ ስንት ግመል እንደሚበቃን ጠየቀችኝ። የእኛ ቤት እንደማይጫን፣ ግድግዳው ጭቃ እንደሆነ፣ በማሽን እንደሚፈርስና መንገድ እንደሚሆን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባት እጇን ከገመዱ ላይ አነሣች።

«እናትሽ ከማን ጋር ናት?»

«ከጎረቤቶቿ ጋር።»

«የእነሱ ቤት አይፈርስም?»

ይፈርሳል አልኳት። ሁላችንም በአንድ ቀን ነው የምንነሣው። ይህን ስናገረው ለራሴም አዲስ ነገር ሆኖ ተሰማኝ። እትዬ ጫልቱ የራሳቸውን አልጋና ቁም ሳጥን እየሸከፉ ነው፤ ከማዶ ያሉትም እንደዚያው። እኔ «ጎረቤት አለ» እያልኩ ስጽናና የሰነበትኩት ሁሉም ባዶ እጁን የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ቦኬ ገመዱን አቀበለችኝ፣ ጎተትኩ፣ አሰረች። ከሰዓት በኋላ ፒክአፑ ሊወስደን ሲመጣ ግመሎቹ ተነሥተው መንገድ ጀምረው ነበር። በሩቁ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ማርሳቢት እንደደረስኩ ፓስተር ጆሴፍን ፈለግኳቸው። እናቴን ላግዛት መሄድ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና ሳይቆጡ፣ ሳያባብሉም ነገሩን እንዳለ አስቀመጡልኝ። እሑድ ያልተገኘ ሰው አይመደብም። ቦታው ሰው ይፈልጋል፣ መጠበቅ ስለማይችል ሌላ ሰው ይላካል። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ገባኝ አልኳቸው። ጸለዩልኝና ሌሎቹን ለማናገር ሄዱ። ልክ ነሽ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ኖሮ አለማለታቸው ከፋኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ግን ከተማ ወርደው የአውቶቡስ ቦታ ይዘውልኝ መጡ። ድንበሩን ብቻዬን እንዴት እንደማልፍ አስጠኑኝ። «ሥራው ይጠብቅሻል አልልሽም፣ አላውቅም» አሉኝ። «እናትሽ ግን እየጠበቀችሽ ነው።»

ረቡዕና ሐሙስ

ማማ ሜሪ ካፖርቱን ስመልስላት ማንዳዚ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። መንገዱ እንደ በፊቱ ነው፤ ያው ድንጋይ፣ ያው ግመል፣ ያው ኬላ። ሞያሌ ስገባ የነገው አውቶቡስ ሞልቷል ተባልኩ። ወይዘሮ አበባ ለምን እንደቸኮልኩ ከሰሙ በኋላ ወንድማቸው የሚያሽከረክረው የጭነት መኪና በማግስቱ ወደ ዲላ ስለሚሄድ ጋቢና ውስጥ አስቀመጡኝ። «ቤት ሲፈርስ ብቻን መሆን ክፉ ነው፣ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ከምን እንዳወቁት አልነገሩኝም። ዲላ ሆቴሉ በዚህኛው ዙር አልጋ ነበረው።

ዓርብ

ፒያሳ ስደርስ ከሠፈራችን በላይ ያለው ተርታ ሜዳ ሆኗል። ከመንገዱ ላይ ሆኜ ድሮ የማይታየው የእኛ ቤት ጓሮ ይታየኝ ነበር። እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ የቡፌውን መስታወት በብርድ ልብስ እየጠቀለለች ነው። ፀጉሯ አቧራ ለብሷል። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም።»

ብርድ ልብሱን ዘርጋ አደረገችና «በይ ያን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት።

ቅዳሜ

ጠዋት ሁለት አይሱዙ መጡ፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእትዬ ጫልቱ። እኛና እትዬ ጫልቱ የተሰጠን ቤት በከተማው ሁለት የተለያየ ጫፍ ነው። እናቴና እሳቸው በጋራ የገዙት አንድ ትልቅ ብረት ድስት ነበራቸው፤ አንዷ የሌላዋ መኪና ላይ ትጭነዋለች፣ ሌላዋ ታወርደዋለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ እትዬ ጫልቱ ድስቱን መሬት አስቀምጠው ላዩ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። እናቴም ከጎናቸው ቁጭ አለች። የእኛ ሾፌር የሚቸኩል ሰው ነበር፤ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃቸው። በመጨረሻ ድስቱ ከእኛ ጋር ተጫነ፤ እትዬ ጫልቱ ለበዓል መጥቼ አብስልበታለሁ ብለው ነው።

እኔ ቡፌውን፣ አልጋውን፣ የሱቁን ክርና ቁልፍ የያዙትን ካርቶኖች ከጫኞቹ ጋር ተሸከምኩ። እናቴ ጋቢና ገብታ ወደ ኋላ አልዞረችም።

እሑድ

አዲሱ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃው ከታች ይቀዳል። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የሰው በር አንኳኩታ ነበር፤ ከሽሮ ሜዳ የመጡ ሴት ከፍተውላት፣ እሳቸውም ትናንት ተሳስተው የሌላ ሰው በር ማንኳኳታቸውን ነግረዋት ተሳስቀው መጣች።

ምሳ በካርቶን ላይ አቅርበን ስንበላ ስልኬ መልእክት አሰማ። ጋሽ ማቴዎስ ናቸው። ምደባው ተነግሯል። እነቦኬ ወዳሉበት የተመደበችው አብራኝ የሠለጠነች ኬንያዊት ልጅ ናት። ደህና ልጅ ናት፤ ከእኔ በላይ ነው ኦሮምኛ የምትችለው። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እናቴ አየችኝ።

«ምንድን ነው?»

ነገርኳት። በቤታችን ስለ እምነቴና ስለ አገልግሎቴ ስናወራ የመጀመሪያችን ነው። ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች። «እነዚያ ሰዎች እንዴት ናቸው?»

የፈነዳውን ጎማ፣ የዲላዋን ልጅ፣ የማማ ሜሪን ካፖርት፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጠበሉ ጋ ስደርስ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ጉዮ የጠየቀኝን ጥያቄ ስነግራት «እውነቱን ነው» አለች። ስለ ቦኬ ስነግራት ግን መብላቷን አቆመች። ቤቷን እንዴት እንደፈታች፣ እንዴት እንደጫነች፣ እንጨቱን በየት በኩል እንደያዝኩላት እያስደገመች ጠየቀችኝ። ግመሉ ቡፌ ይችል እንደሆነም ጠይቃለች።

ሳህኖቹን ሳነሣ «መቼ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

ምደባው አልቋል፣ ሌላ ሰው ሄዷል፣ አሁን ነገርኩሽ አይደል አልኳት።

«እሱን አይደለም የምልሽ። ያሳደረችሽን ሴት አትጠይቂያትም?» እጇን ታጥባ ወደተደረደሩት የሱቁ ካርቶኖች ዞረች፣ አንዱን ጎትታ መክፈት ጀመረች። «ባዶ እጅሽን ግን አትሄጂባትም።»